ለታመመ የአኳሪየም ዓሣ አንቲባዮቲክ፦ መቼ፣ ስንት፣ እንዴት?

ጎንደር ውስጥ ቤታቸው ዓሣ ያላቸው ሰዎች አንዱ ዓሣ ጥግ ይዞ ሲቆም ቶሎ የሚመጣላቸው ፋርማሲ መሄድ ነው። ሁለት ካፕሱል ቴትራሳይክሊን ይገዛል፣ ዱቄቱ ውኃው ላይ ይበተናል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ዓሣው ይሞታል። «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን መድኃኒቱ የሚሠራበት ዕድል ራሱ አልተሰጠውም። ወይ በሽታው የባክቴሪያ አይደለም፣ ወይ መጠኑ በግምት ነው፣ ወይ ደግሞ ውኃው ራሱ ዓሣውን እየመረዘው ነው።

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ነው የሚያጠቃው። የቆሸሸ ውኃ አያጠራም፣ ብርድ አያሞቅም፣ የአየር እጥረት አያስታግስም። ስለዚህ መድኃኒቱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ትንሽ መንገድ አለን። ታገሱኝ፣ አብዛኛው ዓሣ የሚድነው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ ውኃውን

ዓሣው ሲታመም ቴርሞሜትሩን እዩ። ኤር ፓምፑ እየሠራ መሆኑን እዩ። አሞኒያና ናይትራይት (ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡ መርዞች ናቸው) የሚለካ ኪት ካላችሁ ለኩ፤ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ከሌላችሁ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ያምጣላችሁ። ለመድኃኒት ከምታወጡት ገንዘብ በፊት ለዚህ አውጡ። ከዚያ ያለፈውን ሳምንት አስታውሱ። አዲስ ዓሣ ገብቷል? ፊልተሩ በቧንቧ ውኃ ታጥቧል? መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ነበር? ልጆች ምግብ አብዝተው ጨምረዋል?

የጎንደርን ነገር ለብቻው ላንሳው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ዓሣው ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ የሚያዛጋ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ጠርጥሩ የሚባለው አየርና አሞኒያ ነው፣ በሽታ ቀጥሎ ነው። ቆላ አገር የተጻፈ «ለዚህ ያህል ዓሣ ፓምፕ አያስፈልግም» የሚል ምክር እዚህ አይሠራም።

ብርዱም አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ሂተር የሌለው ትንሽ አኳሪየም ከ20 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ጎልድፊሽ ይችለዋል። ጉፒ፣ ቤታና ኤንጅልፊሽ ግን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ሲበርዳቸው በሽታ የመከላከል አቅማቸው ይዳከማል። ሌላው ክሎሪን ነው። በፈረቃ የመጣ ውኃ ከቧንቧው በቀጥታ ከገባ ስንጥባቸውን ይጎዳል። በባልዲ ቀድታችሁ አንድ ሁለት ቀን ክፍት አስቀምጡት፣ ኤር ፓምፕ ብትከቱበት ይፈጥናል። ሮቶ ውስጥ የቆየውንም ቢሆን እንዲሁ አድርጉ፣ ተዘግቶ ስለሚቆይ ክሎሪኑ ላይወጣ ይችላል።

አሁን ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ውኃ ቀይሩ፣ የአዲሱ ሙቀት ከአሮጌው ጋር ይቀራረብ። ለአንድ ቀን ምግብ አቁሙ። አየር ጨምሩ። በነጋታው ዓሣው መዋኘት ከጀመረና ምግብ ከፈለገ እዚሁ ላይ ጨርሳችኋል፤ መድኃኒት አያስፈልገውም።

በሽታውን ሳትለዩ መድኃኒት አትንኩ

ውኃው ተስተካክሎም ዓሣው ካልተሻለው ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱት። በባትሪ እዩት። ፎቶ አንሱ፣ ነገ ከዛሬው ጋር የምታወዳድሩት እሱን ነው።

አንቲባዮቲክ የማይሠራባቸውን አስቀድማለሁ፣ ብዙ መድኃኒት የሚባክነው እነሱ ላይ ነውና። ሰውነቱና ክንፉ ላይ የጨው ቅንጣት የሚያካክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ካሉ፣ ዓሣውም ከድንጋይ ጋር እየታከከ ከሆነ፣ ይህ ኢክ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። እሱን የሚያጠፋው ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 28 ወይም 30 ዲግሪ ማድረስ፣ አየር መጨመር፣ ዓሣው ጨው የሚችል ዓይነት ከሆነም በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው ነው፤ ለኢክ የተሠራ መድኃኒት ከተገኘም እሰየው። ቁስል ላይ የበቀለ፣ ረጃጅም ክር ያለው፣ ውኃው ሲነቃነቅ ብን ብን የሚል ነጭ ጥጥ ነገር ደግሞ ፈንገስ ነው። እሱም አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ጎልድፊሽ ሆዱ ተነፍቶ ተገልብጦ ከተንሳፈፈ ብዙ ጊዜ ችግሩ የአመጋገብና የመንሳፈፊያ ከረጢቱ ነው፤ ለሁለት ቀን አታብሉት።

ወደ ባክቴሪያ የሚያመለክቱት እነዚህ ናቸው። ክንፍ ከጫፉ እየተበላ መሄድ፣ ጠርዙ መንጣት ወይም መቅላት። የተከፈተ ቀይ ቁስል። ከቆዳው ሥር የደም ነጠብጣብ። ዓይን ወደ ውጭ መውጣት። ሆድ ተነፍቶ ቅርፊቶቹ ሁሉ መቆም። ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ቅርፊቱ እስኪቆም ድረስ ውስጡ፣ በተለይ ኩላሊቱ፣ ተጎድቷል፣ በመድኃኒትም ብዙዎቹ አይተርፉም። ሞክሩ፣ ግን ተስፋችሁን በልኩ ያዙ።

ኮሉምናሪስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው ሁሉ ከፈንገስ ጋር የሚያምታታው እሱ ነው። አፉ ዙሪያ ወይም ጀርባው ላይ ግራጫ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ነገር ይለጠፍበታል። ፈንገሱ ቀርፋፋ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የቆሰለ ቦታ ላይ ይበቅላል፣ ከፍ ብሎ ይታያል። ኮሉምናሪስ ጠፍጣፋ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ይሻገራል። ይህ ባክቴሪያ ሙቀት ይወዳል። ለኢክ የምታደርጉትን ሂተር መጨመር እዚህ ብትደግሙት በሽታውን ታፋጥኑታላችሁ። ነጭ ነገር ስላያችሁ ብቻ ሂተሩን አትንኩ።

ታዲያ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ቁስሉ ከቀን ቀን ሲሰፋ፣ በሽታው ከአንድ ዓሣ ወደ ሌላው ሲዘልቅ፣ ኮሉምናሪስ ሲሆን፣ ወይም ከቆዳው ሥር ደም ሲታይ። የአንድ ዓሣ ክንፍ ጫፍ ትንሽ ከተበላ ግን ንጹሕ ውኃና ጨው ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ጓንት አድርጉ። በተለይ ዓሣው እየከሳ፣ ጀርባው እየጎበጠ፣ የማይድን ቁስል ካለው። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ከቲቢ ቤተሰብ የሆነ ባክቴሪያ ከዓሣና ከአኳሪየም ውኃ በተቆረጠ ጣት በኩል ወደ ሰው ይገባል፣ ለወራት የማይድን እብጠትና ቁስል ያመጣል። እጃችሁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ለሐኪሙ አኳሪየም እንዳላችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። እንዲህ የከሳ ዓሣ ላይ ቤት ውስጥ አንቲባዮቲክ መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ለብቻው አውጡት

ዋናው አኳሪየም ውስጥ አንቲባዮቲክ አትጨምሩ። ፊልተሩ ውስጥ አሞኒያን የሚበሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ መድኃኒቱ ክፉና ደጉን አይለይም። እነሱ ከሞቱ አሞኒያው ይወጣል፣ ጤነኞቹም ይታመማሉ።

20 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ሣጥን ወይም ሳፋ ይበቃል። ሳሙና የነካው አይሁን። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ተክል አያስፈልግም። ኤር ፓምፕ፣ ሂተር፣ ዓሣው የሚደበቅበት አንድ ነገር፣ በቃ። ፊልተር ካለው ውስጡ ያለውን ከሰል አውጡ፣ መድኃኒቱን ይመጥጠዋል።

የውኃውን መጠን በዓይን አትገምቱ። በ2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አሥር ጊዜ ቅዱበት፣ የደረሰበት ላይ በማርከር መስመር አድርጉ። የግድ በትልቅ መስታወት ውስጥ የምታክሙ ከሆነ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የውኃውን ከፍታ በሴንቲሜትር አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። ለምሳሌ 60 በ30 በ35 ከሆነ 63 ሊትር ይወጣል። ድንጋይና አሸዋ የያዘውን ቦታ ቀንሱ።

የትኛው መድኃኒት?

ዓሣን የሚያጠቁት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት ናቸው። አሞክሲሲሊን፣ ፔኒሲሊንና ኤሪትሮማይሲን የሚበረቱት ደግሞ በአብዛኛው ግራም ፖዘቲቭ በሚባሉት ላይ ነው። ቤት ውስጥ ከሕፃን ጉንፋን የተረፈ አሞክሲሲሊን ዓሣው ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። በዓሣ ሕክምና ብዙ የሚጠቀሱት ኦክሲቴትራሳይክሊንና ኤንሮፍሎክሳሲን ናቸው፤ ሁለቱም ለከብትና ለዶሮ ስለሚውሉ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ውስጥ መጠየቅ ይቻላል።

ግን በሐኪም በኩል ይሁን። አንቲባዮቲክ በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ነው፣ በዘፈቀደ ሲሰጥ ባክቴሪያው ይለምደዋል፣ ነገ ለልጃችሁም ለከብታችሁም አይሠራም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ተቋም ነው፤ ከተማችን ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ፈልጎ ማጣት የለም። ዓሣ አክሞ የማያውቅ ሐኪም እንኳ መጠን ማስላትና ባክቴሪያ መለየት ያውቃል። ብዙ ዓሣ እየሞተባችሁ ከሆነ አሁን የሞተውን ወይም ሊሞት ያለውን በላስቲክ አድርጋችሁ፣ ከበረዶ ጋር፣ ግን ፍሪዘር ውስጥ ሳታደርቁት፣ ቶሎ ውሰዱለት። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ሬሳ ለምርመራ አይጠቅምም።

መጠኑን ማስላት

መለያውን አንብቡ። ዱቄቱ 20% ከሆነ እያንዳንዱ 1 ግራም ውስጥ ያለው እውነተኛ መድኃኒት 200 ሚሊግራም ነው። የቀረው መሙያ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፤ ወይ አንድ አምስተኛውን ይሰጣል ወይ አምስት እጥፍ።

ኦክሲቴትራሳይክሊን በመታጠቢያ መልክ፣ ማለትም ውኃው ውስጥ ተጨምሮ፣ ሲሰጥ በሊትር ከ20 እስከ 100 ሚሊግራም ነው፤ ዓሣው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይቆይበታል፣ በየቀኑ እየተደገመ ለ10 ቀን። ሐኪሙ ሌላ ካላላችሁ ከታችኛው ጀምሩ። ሳፋችሁ 20 ሊትር ከሆነ 20 በ20 ሲባዛ 400 ሚሊግራም ነው። በ20% ዱቄት ይህ 2 ግራም ይሆናል። በሻይ ማንኪያ አይለካም። ግራምን በነጥብ የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል፤ ወርቅ ቤት የሚሠራ ጎረቤት ካላችሁ ወረቀት ላይ አድርጎ ይመዝንላችኋል።

ዱቄቱን በቀጥታ አትበትኑት። በአንድ ኩባያ የሳፋው ውኃ በደንብ በጥብጡትና አየሩ የሚፈላበት ቦታ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍሱ። ብርሃን ይህን መድኃኒት ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ሌሊቱ ይመረጣል። ማታ 2 ሰዓት ጨምሩ፣ ሳፋውን አየር በሚያስገባ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከ50 እስከ 70 በመቶ ውኃውን ቀይሩ። ቀኑን በንጹሕ ውኃ ይዋል፣ ማታ እንደገና። ውኃው ወደ ቡናማ ቢቀየርና አረፋ ቢያወጣ አትደንግጡ፣ መድኃኒቱ እየተሰባበረ ነው፣ ቀይሩት።

በ20 ሊትር ሳፋ በየቀኑ 12 ሊትር ብትቀይሩ ለ10 ቀን 120 ሊትር ክሎሪኑ የወጣ ውኃ ይፈጃል። ስድስት ጀሪካን ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም፤ ጀሪካኖቹን ሳትሞሉ ሕክምናውን አትጀምሩ። መካከል ላይ ውኃ ከጠፋ ዓሣው አሞኒያ ውስጥ ይቀራል፣ መድኃኒቱም ይቋረጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ውኃ የምታፈሉበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚያበጅ ከሆነ ውኃችሁ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛዋል። እነዚህ ኦክሲቴትራሳይክሊንን ይይዙታል፣ ዓሣው ውስጥ የሚገባው ይቀንሳል። እንዲህ ባለ ውኃ ከመታጠቢያው ይልቅ በምግብ መስጠት ይሻላል።

ኤንሮፍሎክሳሲን ከታዘዘላችሁ መታጠቢያው በሊትር ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም ነው፣ በቀን አንዴ ለ5 ሰዓት፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። 10% ፈሳሽ ከሆነ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊግራም አለ። ለ20 ሊትር በታችኛው መጠን 50 ሚሊግራም፣ ማለትም ግማሽ ሚሊ ሊትር። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ለዚህ ይመቻል። በ5 ሰዓቱ መጨረሻ ውኃውን መቀየር እዚህም አለ። ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩት፣ ሌሎቹ ሳይሠሩ ሲቀሩ የሚፈለግ ነው።

ዓሣው የሚበላ ከሆነ በምግብ ስጡት

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። መድኃኒቱ ውስጥ ይገባል፣ ውኃውን ብዙ አይነካም፣ የሚባክነውም ትንሽ ነው። ችግሩ የታመመ ዓሣ ቶሎ ምግብ ስለሚያቆም ለዚህ የሚኖራችሁ ጊዜ አጭር መሆኑ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ከ20% የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት 1 ግራም በ20 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጡ። አሁን በእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊግራም መድኃኒት አለ። ከዚህ 2.5 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ቅዱና 10 ግራም ደረቅ የዓሣ ምግብ ላይ እያንጠባጠባችሁ አገላብጡት። ምግቡ ይመጠዋል። ጥላ ላይ ትንሽ ሲደርቅ ሁለት ሦስት ጠብታ የምግብ ዘይት ቀቡት፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ መድኃኒቱ ቶሎ እንዳይታጠብ። ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቤተሰቡ ምግብ ተለይቶ፣ ተጽፎበት ይቀመጥ። የሁለት ሦስት ቀን ብቻ አዘጋጁ።

ዓሣው በቀን የክብደቱን 3 በመቶ ያህል ከበላ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 75 ሚሊግራም ይደርሰዋል፣ ይህ በምግብ ለሚሰጠው ከ55 እስከ 83 ሚሊግራም መጠን ውስጥ ነው። ለ10 ቀን ሌላ ምግብ አትስጡት። ወዲያው የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ጣሉ፣ የተረፈውን አውጡ።

መርፌም አለ፤ እሱ ለትልልቅ ዓሣና ለሐኪም እጅ ነው።

በሕክምናው ቀናት

አንድ መድኃኒት ያዙ። «እንዲበረታ» ብላችሁ ቴትራሳይክሊንን ከፔኒሲሊን ዓይነት ጋር አትቀላቅሉ፣ የአንዱ አሠራር የሌላውን ያዳክማል። በየቀኑ ፎቶ አንሱ፣ የሰጣችሁትን መጠንና ሰዓት ጻፉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቁስሉ መስፋቱን ማቆም አለበት። ካላቆመ በሽታው ሌላ ነው ወይም ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዷል፤ መጠኑን ከመጨመር ይልቅ ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ከተሻለው ደግሞ አታቋርጡ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ዓሣው በአራተኛው ቀን ሲበላ ያይና መድኃኒቱን ያነሳል፣ የተረፉት ባክቴሪያዎች ጠንካሮቹ ናቸው፣ በሽታው ሲመለስ ያው መድኃኒት አይነካቸውም።

መብራት ሲጠፋ ሳፋውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ላዩን ክፍት ተዉት። በሃይላንድ ጠርሙስ ሞቅ ያለ ውኃ ሞልታችሁ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ አንሳፉበት። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ከሌላችሁ በየጊዜው በኩባያ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍሱ። መድኃኒት ውኃው ውስጥ ካለና መብራቱ ቶሎ የማይመጣ ከሆነ ግማሹን ቀይሩ፣ የዚያን ማታውን መታጠቢያ በምግብ ተኩት።

ሲያልቅ

መድኃኒት ያለበትን ውኃ ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ የሰፈራችን ቦይ ቀሃና አንገረብ ወንዝ ይገባል፣ ታች ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይጠጣበታል። በባልዲ አጠራቅማችሁ ልጅና እንስሳ በማይደርስበት ፀሐይ ላይ ለጥቂት ቀናት አቆዩት። ፀሐዩ ኦክሲቴትራሳይክሊንን በከፊል ይሰብረዋል። ከዚያ የሚበላ ነገር በማይበቅልበት አፈር ላይ አፍሱት። የተረፈውን ዱቄት ለሚቀጥለው ጊዜ አታስቀምጡ፣ ለሰጣችሁ ሐኪም ወይም መድኃኒት ቤት መልሱ።

ሳፋውን፣ መረቡንና ሲሪንጁን አንድ እጅ በረኪና በ19 እጅ ውኃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ዓሣው መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላ አንድ ሳምንት ለብቻው ይቆይ። እየበላ፣ አዲስ ቁስል ሳይወጣበት ከቆየ ይመለስ። በዚያው ሳምንት የዋናውን አኳሪየም አሞኒያ ለኩ፤ መጀመሪያ ያሳመመው እዚያ ያለው ከሆነ መመለሱ ትርጉም የለውም።

መድኃኒት የወሰደን ዓሣ ሰው አይብላው። ይህን የምለው ከጎርጎራ በኩል ትንንሽ ቆሮሶና አምባዛ አምጥተው አኳሪየም ውስጥ የሚያሳድጉ ስላሉ ነው። የጣና ዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ከሌሎቹ ጋር ሳይቀላቀል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ከሱቅ የተገዛ ዓሣም እንደዚሁ። ሲሰለቻችሁ ደግሞ የታከመውንም ያልታከመውንም ወደ ጣና ወይም ወደ ወንዝ አትልቀቁ፣ ለሚፈልግ ሰው ስጡ።